ከሠንጠረዡ የጎደለው ረድፍ

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የአንድ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ቡድን ኃላፊ ነኝ። 14 ሰዎች ነን። የሥራችን እውቀት ሦስት ቦታ ተበትኗል። የተወሰነው ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። የተወሰነው ማንም በማይገባበት የጋራ ፎልደር ውስጥ ነው። ትልቁ ድርሻ ግን ሁላችንም “ጋሼ” የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጋሼ ከሁለት ወር በኋላ ጡረታ ይወጣሉ። አለቃዬ ይህን ሲሰማ ደነገጠና “አንድ የእውቀት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር መርጠሽ አምጪ” አለኝ። 11 ሶፍትዌሮችን በ60 መስፈርት የሚያወዳድር ሠንጠረዥ ሠራሁ። አሁን ዓይኔ አዋጅ ሆኖብኛል። ወጣቶቹ ኖሽን ይላሉ። የአይቲ ክፍሉ ኮንፍሉዌንስ ይላል። አለቃዬ ደግሞ “ለማይክሮሶፍት እየከፈልን፣ ሼርፖይንት እያለን፣ ሌላ ምን ያደርግልናል?” ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት ዊኪ የሚባል የጋራ የእውቀት ገጽ ከፍተን ነበር፤ በስድስት ወሩ ሞተ። እንዳይደገም ፈርቻለሁ። የትኛውን ልምረጥ? ጋሼስ ከመሄዳቸው በፊት የሚያውቁትን ሁሉ ቁጭ ብለው እንዲጽፉልን ልለምናቸው? — ሠንጠረዥ የዋጣት»

ውድ ሠንጠረዥ የዋጣት፣

መጀመሪያ ራስሽን አትውቀሺ። ሠንጠረዡ ግራ ያጋባሽ 11ዱም ሶፍትዌሮች ለ60ውም መስፈርት «አለኝ» ስለሚሉ ነው። ፍለጋ አለው? አለው። የድሮውን እትም ያስቀምጣል? ያስቀምጣል። ስልክ ላይ ይሠራል? እንዴታ! በማስታወቂያ ገጹ ላይ «ይሄ እንኳ የለኝም» ብሎ የሚጽፍ ሻጭ እስካሁን አላየሁም። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሁሉም ተማሪ መቶ ያገኘበት ፈተና ማለት ነው። ማንንም አይለይም።

እኔን የያዘኝ ሌላ መስመር ነው። «በስድስት ወሩ ሞተ» ብለሽ አለፍሽው። ለምን እንደሞተ አልጻፍሽም። ብጠይቅሽ «ሰው አይጽፍበትም ነበር» ትይኛለሽ ብዬ እገምታለሁ። ሁሉም የሚለው ይሄንኑ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው አምን ነበር።

የራሴን ላጫውትሽ። በአንድ ወቅት እሠራበት በነበረ ቦታ ይህችው ያንቺ ሥራ ተሰጥታኝ ነበር። ሶፍትዌር መረጥኩ። ሰባት ደረጃ ወደ ታች የሚወርድ የፎልደር ዛፍ ተከልኩ። እንዴት እንደኮራሁበት አልነግርሽም። ሰዎቹም ጻፉ፣ አልዋሽም። በሁለት ወር ውስጥ ከ200 ገጽ በላይ ሞላ። ከዚያ አንዲት አዲስ የተቀጠረች ልጅ ገንዘብ ስለመመለስ የሚያወራውን ገጽ አንብባ፣ በገጹ መሠረት ደንበኛ አስተናገደች። ገጹ ያረጀ ነበር። አሠራሩ ከተቀየረ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ደንበኛው ጮኸ፣ ልጅቷ ተወቀሰች፣ ነገሩ በረደ። ልጅቷ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ገጽ ከፍታ አታውቅም። የሚቸግራት ነገር ሲመጣ ጎኗ ያለውን ሰው ትጠይቃለች። እሷን ያየ ሌላውም እንደዚያው።

የሚያናድደው ገና አልመጣም። ገጹ ማርጀቱን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ቁጭ ብዬ አጣራሁ፤ አራት ናቸው። አንዱ «የእኔ ገጽ አይደለማ» አለኝ። አንዱ ፓስዎርዱ ጠፍቶበታል። አንዷ «ለጻፈው ሰው ልነግረው አስቤ ረሳሁት» አለች። አራተኛዋ ማረም ሞክራለች፤ ሶፍትዌሩ «ፈቃድ የለሽም» ብሎ መለሳት። ፈቃዱን የከለከልኳት እኔ ነኝ። «ሥርዓት እንዲኖር» ብዬ።

እንግዲህ ከሠንጠረዥሽ የጎደለው ረድፍ ይሄ ነው፦ ስህተት ያየ ሰው፣ እዚያው ባየበት፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ በአንድ ደቂቃ ማረም ይችላል ወይ? ሌላው 60 ረድፍ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ሰው ገጽ መጻፍ የሚያቆመው ስለሰነፈ ብቻ አይደለም። አንዴ የዋሸውን ገጽ ድጋሚ ስለማያምነው ነው። ያልታመነ ነገር ደግሞ አይነበብም፤ ለማይነበብ ነገር ማን ይጽፋል?

ይሄ የእኔ ግኝት እንዳይመስልሽ። ዊኪ የሚባለው ነገር ከመጀመሪያው የተፈጠረው ለዚህ ነው። ዋርድ ካኒንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያውን ዊኪ ሲከፍት፣ ስሙን የወሰደው በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን ከሚያመላልሰው አውቶቡስ ነው። «ዊኪ ዊኪ» በሃዋይ ቋንቋ «ቶሎ ቶሎ» ማለት ነው። አንባቢው ራሱ አራሚ ነው፤ ያየ ያስተካክል፣ ቶሎ። ስንትና ስንት መሥሪያ ቤት ዊኪ ብሎ ከፍቶ፣ ፈቃድና ማጽደቂያ ደርድሮ፣ «ቶሎ ቶሎ»ውን እንደገደለው ሳስብ ይገርመኛል። እኔን ጨምሮ።

«ሁሉም ከነካካውማ ይበላሻል» ትይ ይሆናል። አለቃሽ በእርግጠኝነት ይላል። የድሮውን እትም የማስቀመጥ ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ይታያል፤ ከተበላሸ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በ14 ሰው ቡድን ውስጥ ስሙ እየታየ ሆን ብሎ ገጽ የሚያበላሽ ሰው ካለ ችግራችሁ ሌላ ነው። ዝም ብለሽ አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪ፦ የድሮው እትም ለስንት ጊዜ ይቀመጣል? በአንዳንዶቹ ይሄ እንደምትከፍይው ዕቅድ ይለያያል።

አሁን በዚህች ረድፍ ሦስቱን ዕጩዎችሽን እንያቸው።

ኖሽን ላይ ማረም ቀላል ነው። ጠቅ አድርገሽ መጻፍ ነው፤ «ሴቭ» የሚባል ነገር እንኳ የለም። ወጣቶቹ የወደዱት በዚህ ይመስለኛል፣ ልክም ናቸው። ችግሩ ይሄው ቅለቱ ነው። ማንም ሰው በፈለገበት ቦታ ገጽ ይከፍታል፣ ገጽ በገጽ ውስጥ፣ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ውስጥ። በሦስት ወር ስለ አንድ ጉዳይ አራት ገጽ ይኖርሻል። ያኔ አንዱን ማረም ምን ዋጋ አለው፣ ሌሎቹ ሦስቱ ተሳስተው ከቀሩ?

ኮንፍሉዌንስ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለ፣ ለዚህ ሥራ የተሠራ ሶፍትዌር ነው። የአይቲ ሰዎች የሚወዱት ጂራ ከሚባለው የሥራ መከታተያ ጋር ስለሚጣበቅ ነው። እናንተ ጂራ ላይ ካልዋላችሁ ግን ያ ጥቅም የእነሱ እንጂ የናንተ አይደለም። አንድ ነገር ልብ በይ። የኮንፍሉዌንስ ነጻ ዕቅድ እስከ 10 ሰው ነው። እናንተ 14 ናችሁ። አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ለ10 ሰው አካውንት ከፍተን የቀሩት አራቱ በሌላው አካውንት ያንብቡ» ማለቱ አይቀርም። ያ ሰው ሲናገር አቋርጪው። አካውንት የማይሰጣቸው አራቱ አብዛኛውን ጊዜ አዲሶቹና የማታ ተረኞቹ ናቸው። ያረጀ ገጽ ላይ የሚወድቁትም እነሱ ናቸው።

ይሄ የኮንፍሉዌንስ ብቻ ችግር አይደለም። በሰው ቁጥር የሚያስከፍል ሶፍትዌር ሁሉ ይህን ፈተና ያመጣል። ዋጋ ስታወዳድሪ ለ14 ሰው፣ ያውም 14ቱም ማረም በሚችሉበት ዕቅድ አስቢ። በዚያ ዋጋ አቅማችሁን ካለፈ፣ ሶፍትዌሩ ከአቅማችሁ በላይ ነው ማለት ነው። በቃ። ግማሹን ሰው ማስቀረት ቁጠባ አይደለም።

ሼርፖይንት ላይ ወጣቶቹ ፊታቸውን እንደሚያጨማድዱ ይታየኛል። ለማረም «ኤዲት» ብለሽ ትከፍቻለሽ፣ ስትጨርሺ እንደገና ማተም አለብሽ፤ ካላተምሽው ሌላው ሰው ለውጡን አያየውም። ይሄ ያሰለቻል። ከዚያ የባሰው ደግሞ የሰው ልማድ ነው፦ ሼርፖይንት ሲባል ሁሉም የወርድ ፋይል መጫን ይጀምራል። «አሠራር_የመጨረሻ_2_የታረመ» የሚባል ፋይል ስንቴ ከፍተሻል? ነገር ግን አለቃሽ አንድ ትልቅ እውነት ይዟል። 14ታችሁም አካውንት አላችሁ። አዲስ ፓስዎርድ የለም። የማይክሮሶፍትን የቻት መተግበሪያ ቲምስን የምትጠቀሙ ከሆነ ገጹን እዚያው ቻቱ አጠገብ መለጠፍ ይቻላል። «ፓስዎርዱ ጠፋብኝ» የሚለውን ሰው እኔ በስንት መከራ ነው ያየሁት፤ ይሄን ጥቅም አልንቀውም።

ከሦስቱ ውጭ ያሉም አሉ። የአይቲ ክፍላችሁ የራሱ ሰርቨር ካለውና የማስተዳደር ፍላጎት ካለው ቡክስታክን ይይልሽ። ነጻና ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ነው፤ አቀማመጡ መደርደሪያ፣ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ፣ ገጽ ነው፣ ከዚያ በላይ አይወርድም። እንደኔ ሰባት ደረጃ ዛፍ መትከል የሚወድ ሰው እጁን ያስራል፤ ለዚህ እወደዋለሁ። ዶኩዊኪ ደግሞ ከዚያም የቀለለ ነው፣ ዳታቤዝ እንኳ አይፈልግም፣ ሁሉንም በተራ የጽሑፍ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። መልኩ ግን ወጣቶቹን አያስደስትም።

ስለ ፍለጋ ትንሽ ልቆይ። እዚህ ላይ ማንም የማይነግርሽ ነገር አለ።

ገጾቻችሁን በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ፣ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ገጽ ከፍተሽ «ሒሳብ መዝጋት» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ «ሂሳብ መዝጋት» ብለሽ ፈልጊ። ለእኔና ላንቺ አንድ ቃል ነው። ለኮምፒውተሩ ግን «ሐ» እና «ሀ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ አንድ ናቸው ብሎ ሰው ለይቶ ካልነገረው በቀር አያውቅም። ሥራና ስራ፣ ዓመትና አመት፣ ጸሐፊና ፀሃፊም እንደዚያው። ቀጥለሽ «ደንበኛ» ብለሽ ፈልጊ፤ «ለደንበኞቻችን» የሚለውን ያገኘዋል? ለእንግሊዝኛ የቃል ሥር የሚያወጣ ፍለጋ ለአማርኛም ይሠራል ማለት አይደለም። ይህን ፈተና ብዙዎቹ ይወድቃሉ ብለሽ ጠብቂ። ከወደቀም ዓለም አልጠፋም። በየገጹ ግርጌ «ሌላ አጻጻፍ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩና ሰው ሊጽፍ የሚችለውን ሁሉ ደርድሩበት። ያምራል አልልም፣ ግን ይሠራል።

ርዕስም እንደዚሁ ነው። «የክፍያ ማስመለሻ መመሪያ ክፍል 3» ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። «ደንበኛው ሁለቴ ከፍያለሁ ቢል ምን ላድርግ?» ብሎ ነው የሚፈልገው። ገጹ ስሙ እሱ ይሁን። ግሩፑ ላይ ሰው እንደጠየቀው፣ በራሱ አነጋገር።

ደግሞ ዛሬ ሁሉም ሻጭ «ጠይቀው፣ ኤአይ ይመልስልሻል» ይልሻል። አልቃወምም፤ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ግን የሚያነበው የናንተኑ ገጽ ነው። አንድ ያረጀ፣ አንድ አዲስ ገጽ ካገኘ፣ ያረጀውን መርጦ በሚያምር ቋንቋ፣ ያለ ምንም ማመንታት ሊነግርሽ ይችላል። ድሮ ያረጀ ገጽ ቢያንስ ሲከፈት ማርጀቱ ያስታውቅ ነበር። ስለዚህ የሚመልስልሽ ኤአይ መልሱን ያገኘበትን ገጽ በሊንክ የማያሳይ ከሆነ እንዳትወስጂው። ሊንኩ ካለ ሰው ይከፍታል፣ ስህተቱን ያያል፣ ያርማል። ወደዚያችው ረድፍ ተመለስን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሶፍትዌር አይደለም። ገጽ ባለቤት ይፈልጋል። ማረም ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ «ይህን ገጽ የምጠብቀው እኔ ነኝ» የሚል አንድ ስም ግን ከላይ ይጻፍ። ክፍል አይጻፍ፣ ሰው ይጻፍ። «ኃላፊው የደንበኞች አገልግሎት ክፍል» ማለት ማንም ማለት ነው። ጉሩ የሚባለው ሶፍትዌር ይህን በራሱ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ አረጋጋጭ ይመደብለታል፣ ጊዜው ሲደርስ «አሁንም ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሌላው ላይ ደግሞ በቀን መቁጠሪያ ማስታወሻ መሥራት ይቻላል። ሁሉንም ገጽ በየወሩ እንከልሳለን የሚል ዕቅድ ግን እንዳታወጪ። ማንም አያደርገውም። የተጠቀመበት ሰው በተጠቀመበት ሰዓት ያርመው፤ ባለቤቱ ማንም የማይነካቸውን ጥቂቶቹን ይይ።

የስም ነገር ቀላል እንዳይመስልሽ። ዜሮክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኞቹ ዩሪካ የሚባል ሥርዓት ሠርቶ ነበር። መጀመሪያ የተሞከረው ፈረንሳይ ነው። ጠጋኞቹ በመመሪያው ውስጥ የሌለ ብልሃት ያውቃሉ፤ ሲገናኙ እያወሩ ይለዋወጡት የነበረውን እዚያ መጻፍ ጀመሩ። የሥራ ባልደረባ የሆነ ልምድ ያለው ጠጋኝ ያየዋል፣ ልክ ከሆነ ለሁሉም ይወጣል፣ ከነጸሐፊው ስም። ሰዎቹን ያተጋቸው ገንዘብ አልነበረም። «ይቺን ያገኛት እሱ ነው» መባሉ ነበር። አጽዳቂውም አለቃ ሳይሆን ያንኑ ማሽን የሚፈታ ሰው መሆኑን ልብ በይ።

ተቃራኒውን ከፈለግሽ ናሳ አለልሽ። ከጠፈር ፕሮጀክቶቹ የተገኙ ትምህርቶችን የሚሰበስብ ትልቅ የመረጃ ቋት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት ሲያጣራ፣ የፕሮጀክት ኃላፊዎቹ ትምህርቶቹን እንደ ዘወትር ሥራ አድርገው እንደማይሰበስቡና እንደማይለዋወጡ አገኘ። ሮኬት የሚያመጥቁ ሰዎች እንኳ ከሥራቸው ራቅ ብሎ የተቀመጠ ቋት ጋ ሄደው አይፈልጉም። ያንቺ ልጆች፣ ደንበኛ በስልክ እየጠበቃቸው፣ አምስት ጊዜ ጠቅ አድርገው ይገባሉ ብለሽ አትጠብቂ።

መውጫ በሩንም እይ። ስትገቢ ሳይሆን ስትወጪ ምን ይዘሽ እንደምትወጪ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 የኮንፍሉዌንስ ባለቤት በሆነው አትላሲያን ላይ የደረሰውን ምሳሌ ውሰጂ። አንድ የቆየ መተግበሪያ ለማጥፋት የተጻፈ ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) የ775 ደንበኞችን ሙሉ ሳይት አጠፋ። መልሶ ለማቋቋም ለአንዳንዶቹ እስከ 14 ቀን ፈጀ። በዚያ መሃል የሥራ መመሪያቸው በሙሉ እዚያ ብቻ የነበረ ቡድን ምን ሲያደርግ እንደሰነበተ አስቢው። ይሄን የማነሳው ኩባንያውን ለመክሰስ አይደለም፤ በማንም ላይ ይደርሳል። ለዚህ ነው በሙከራው ጊዜ ገጾቹን በፋይል የሚያወጣውን «ኤክስፖርት» የሚለውን ቁልፍ ራስሽ ተጭነሽ፣ የወጣውን ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ ማየት ያለብሽ። ኖሽን በማርክዳውን (በተራ ጽሑፍ) እና በኤችቲኤምኤል (በድረ ገጽ መልክ) ያወጣልሻል። ኮንፍሉዌንስ በፒዲኤፍና በኤችቲኤምኤል። ሼርፖይንት ላይ ፋይሎቹ እንደነበሩ ይወርዳሉ፤ የሳይቱን ገጾች ግን አውጥቶ ሌላ ቦታ ማንበብ አይቀልም። ይህ የሼርፖይንት ትልቁ ጉድለቱ ነው ለእኔ። በየወሩ አንድ ቅጂ ማውጣትን የአንድ ሰው ሥራ አድርጊው።

በነገራችን ላይ ፓስዎርድና የደንበኛ የግል መረጃ እዚህ ገጾች ውስጥ አይገባም። ለፓስዎርድ ለብቻው የተሠራ ማስቀመጫ አለ፤ ቢትዋርደንም ይሁን ሌላ። ማረም ለሁሉም ክፍት የሚሆነው ምስጢር ከሌለበት ብቻ ነው።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ከ11ዱ ሁለት ብቻ አስቀሪ። ሁለት ሳምንት ሙከራ ይበቃል። ለሙከራው 10 ገጽ ብቻ ይዘጋጅ፤ ከግሩፑ ላይ ደጋግመው የተጠየቁትን 10 ጥያቄዎች ወስደሽ መልሳቸውን ጻፊ። ያው 10 ገጽ ሁለቱም ላይ ይግባ። ሦስት ሰው ምረጪ፦ አዲሷን ተቀጣሪ፣ ሥራ የሚበዛበትን፣ ኮምፒውተር የማይወደውን። ወጣቶቹን ተያቸው፤ እነሱ ምንም ብትሰጫቸው ይለምዱታል።

ከዚያ አምስት ስህተት ደብቂ። የተሳሳተ ቁጥር፣ የተቀየረ የስልክ መስመር፣ የለቀቀ ሰው ስም፣ የማይከፈት ሊንክ፣ ያረጀ ደረጃ። ሥራ ላይ ጉዳት የማያመጡ ይሁኑ፣ ለጋሼ ደግሞ ንገሪያቸው፣ ሌላ ሰው አይወቅ። ስህተት ያገኘ እንዲያርም ብቻ ለሁሉም ተናገሪ። በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ቁጠሪ። የትኛው ሶፍትዌር ላይ ስንቱ ታረመ? ማን አረመው? አይቶ ዝም ያለውስ ምን ከለከለው? ይህን ቁጥር ይዘሽ አለቃሽ ጋ ግቢ። ከ60 ረድፉ ይልቅ ይሄን ያዳምጥሻል።

«አንተ ብትሆን?» ካልሽኝ እናገራለሁ። እኔ ለሙከራው ሼርፖይንትንና ኖሽንን አስቀራለሁ፣ ውርርዴን ደግሞ ሼርፖይንት ላይ አደርጋለሁ። ወጣቶቹ ይማረሩብኝ። አካውንቱ ያለው፣ ፓስዎርዱ ያለው፣ ማንም የማይቀርበት እሱ ነው። ግን በሁለት ቅድመ ሁኔታ። አንደኛ፣ አሠራር ሁሉ በገጽ ይጻፍ፤ ወርድ ፋይል መጫን ክልክል ይሁን። ሁለተኛ፣ 14ቱም አባል ሆነው የማረም ፈቃድ ይኑራቸው፣ የማጽደቂያ ሰንሰለት የሚባል ነገር እንዳይጀመር። አይቲ ክፍሉ ከሁለቱ አንዱን እምቢ ካለ፣ ወይም ከተደበቁት ስህተቶች ሦስቱ እንኳ ካልታረሙ፣ ያለ ቅሬታ ወደ ኖሽን ሂዱ። እዚያም ስለ አንድ ጉዳይ ሁለተኛ ገጽ ሲከፈት የምታጠፋ አንዲት ቆራጥ ሰው መድቢ። ኮንፍሉዌንስን ጂራ ላይ ለሚውሉት ተዪላቸው።

የቀሩት ጋሼ ናቸው። እባክሽ «የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉልን» አትበያቸው። እሺ ይሉሻል፤ ትሁት ሰው ይመስሉኛል። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ደንቡን በሚያምር ቋንቋ ይጽፉልሻል። ደንቡንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእሳቸው እውቀት ያለው ሳያስተውሉ በሚያደርጉት ውስጥ ነው። ደንበኛ «ክፍያዬ አልገባም» ሲል፣ ከሁሉ በፊት «ከቀኑ በስንት ሰዓት ከፈሉ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ለምን ሰዓቱን እንደሚጠይቁ ብትጠይቂያቸው ራሳቸውም ቆም ብለው ያስባሉ። ይሄ ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጡ የሚመጣላቸው ነገር አይደለም።

እንዲህ አድርጊ። ጋሼ ሁለት ቀን በውሸት ይጥፉ። ቢሮ ይምጡ፣ ግን ሌላ ክፍል ይቀመጡ፣ ስልካቸውን ይዝጉ፣ ግሩፑ ላይ አይመልሱ። ቡድኑ ጋሼን ሊጠይቅ የፈለገውን እያንዳንዱን ነገር፣ ከነሰዓቱ፣ አንድ ቦታ ይጻፍ። ትንሽ ነው ብሎ የሚያልፍ እንዳይኖር። በሦስተኛው ቀን ያንን ዝርዝር ይዛ አዲሷ ልጅ አጠገባቸው ትቀመጥ። ትጠይቅ፣ እሳቸው ያውሩ፣ እሷ ትጻፍ። ማታ የጻፈችውን ጋሼ ያንብቡና «እንዲህ አላልኩም» እያሉ ያርሙ። ሰው ከባዶ ከመጻፍ ይልቅ የሌላ ሰው ስህተት ማረም ይቀናዋል፤ የተማረ ሽማግሌማ ደስታው ነው። በዚያውም ጋሼ ራሳቸው የሶፍትዌሩ የመጀመሪያ አራሚ ሆኑ ማለት ነው። ገጹ ላይ ስማቸው ይቅር፣ ከሄዱም በኋላ። ጠባቂው ግን የጻፈችው ልጅ ትሁን።

በሁለተኛው ቀን ማታ ጋሼ ስልካቸውን ሲከፍቱ ስንት ያልተመለሰ ጥሪ እንዳገኙ ጻፊልኝ።